ገንዘቡ ተማሪውን ይከተል ቢባል ድሬ ላይ ምን ይፈጠራል? ቫውቸር፣ ዕጣና የመቀመጫ ድልድል

ሳቢያን_ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ክር ላይ ወሬው ተንሸራቶ «መንግሥት ለአንድ ልጅ የሚያወጣውን ብር ለወላጁ ይስጥ፣ ወላጁ የፈለገበት ያስተምር» የሚል ሐሳብ ላይ ደርሶ ስለነበር እዚህ ለብቻው ከፈትኩት። መጀመሪያ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው እየተወሩ ነው፦

ቫውቸር፦ መንግሥት ይከፍላል፣ ልጁ የግል ትምህርት ቤት ይገባል።
ቻርተር፦ ትምህርት ቤቱ የሕዝብ ነው፣ በነፃ ያስተምራል፣ የሚያስተዳድረው ግን በውል የተቀጠረ ሌላ አካል ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሕግ በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. 1991 ወጣ።
ክፍት ምዝገባ፦ ገንዘቡም አስተዳዳሪውም አይቀየርም። የሚቀየረው ልጁ ከቀበሌው ውጭ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት መጠየቅ መቻሉ ነው።

ጥያቄዬ ከሦስቱ የትኛው ድሬ ላይ ይሠራል፣ የት ላይስ ይሰበራል የሚል ነው። «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» የሚለውን ትተን ዝርዝሩን እንየው።

ለገሃሬ_88፦
እኔ ቫውቸሩን እደግፋለሁ፣ ምክንያቴም ቀላል ነው። ምርጫ ዛሬም አለ፣ ያለው ግን ብር ላለው ብቻ ነው። ከዚራ የሚኖር ደመወዝተኛ ሲከፋው ልጁን አውጥቶ ይከፍላል። ገንደ ቆሬ ያለው ደግሞ የተመደበለትን ይዞ ይቀመጣል። ቫውቸሩ ያንን ምርጫ ለሁለተኛው ሰው ይሰጣል፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ማስረጃ ለሚፈልግ፦ ኮሎምቢያ ከ1991 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ፓሴስ የሚባል ፕሮግራም ከ125,000 በላይ ቫውቸር ሰጥታለች። ቫውቸሩ በድሃ ሰፈር ለሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ ጠያቂው ሲበዛ በዕጣ። ዕጣ ስለነበረ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ማወዳደር ተቻለ፤ የደረሳቸው 8ኛ ክፍልን የመጨረስ ዕድላቸው በ10 ነጥብ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቫውቸሩ የሚታደሰው ልጁ ክፍሉን ሲያልፍ ነው። የደገመ ያጣዋል።

የበጀት_ሰው፦
ለገሃሬ ወንድሜ፣ የኮሎምቢያው እውነት ነው። ግን ያኔ የጎደለው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ መቀመጫ ነበር፤ የግሎቹ ደግሞ ባዶ ወንበር ነበራቸው። ቫውቸሩ ልጁን ወደ ባዶው ወንበር ወሰደው። እዚህ ግን ስመ ጥር የሚባሉት የግል ትምህርት ቤቶች በነሐሴ ምዝገባ ሞልተው በራቸውን የሚዘጉ ናቸው። ወንበር ሳይጨመር ብር ብትጨምር የሚጨምረው ክፍያው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው።

1,200 ተማሪ ያለው ከ1ኛ እስከ 8ኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንውሰድ። በአንድ ክፍል 50 ልጅ ቢሆን 24 ክፍል ማለት ነው። 60 ልጆች ቫውቸር ይዘው ወጡ፣ 5 በመቶ። ገንዘቡ ተማሪውን ከተከተለ በጀቱም በ5 በመቶ ይቀንሳል። የወጡት ግን ከአንድ ክፍል አይደለም፤ ለ24 ሲካፈል ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሦስት ልጅ ነው። 50 የነበረው 47 ወይም 48 ይሆናል። የሚዘጋ ክፍል የለም፣ የሚቀነስ መምህር የለም፣ ዘበኛው ዘበኛ ነው፣ የውሃው ቢል ያው ነው። የትምህርት ቤት በጀት ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ስለሆነ የማይነካ ነው። ስለዚህ ያ 5 በመቶ ሙሉ በሙሉ የሚነጨው ደመወዝ ካልሆነው ከትንሿ ክፍል ነው፦ ከጠመኔ፣ ከላብራቶሪ፣ ከጥገና። ደመወዝ 85 በመቶ ነው ካልን የቀረው 15 በመቶ ላይ 5 ሲነሳ አንድ ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። የቀሩት 1,140 ልጆች የሚያዩት ይሄን ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ፦ ቫውቸር «ለሁሉም» ከተባለ መጀመሪያ የሚሰለፈው ዱሮም ሲከፍል የነበረው ወላጅ ነው። አሪዞና በ2022 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ስትከፍት ከመጀመሪያዎቹ አመልካቾች ሦስት አራተኛ ያህሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አልነበሩም። 1,000 ልጅ ቀድሞ በግል የሚማር ካለና ቫውቸሩ 200 አዲስ ካመጣ፣ ለ200 ብለህ ለ1,200 ከፈልክ። የአንዱ አዲስ ልጅ ዋጋ ስድስት እጥፍ ነው።

ሦስተኛው ጭማሪ ክፍያ ነው። ቫውቸሩን የተቀበለ ትምህርት ቤት ከወላጅ ተጨማሪ መጠየቅ ይችላል ወይስ አይችልም? ሕጉ ላይ ይቺ አንዲት መስመር ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች። ስዊድን በ1992 እ.ኤ.አ. ጀምራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጭማሪ ክፍያ ከልክላለች። ቺሊ በ1981 ጀምራ በ1990ዎቹ ጭማሪውን ፈቀደች፤ ትምህርት ቤቶቹ በወላጅ ኪስ ልክ ተደረደሩ፣ ከፋዩ ከከፋይ ጋር፣ ደሃው ከደሃ ጋር። በ2008 ለድሃ ልጅ ከፍ ያለ ድጎማ አመጡ፣ በ2015 ደግሞ በሕግ ጭማሪ ክፍያን፣ ትርፍንና ተማሪ መምረጥን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ወሰኑ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀ እርማት ነው።

ለገሃሬ_88፦
አቦ የጭማሪውን ተቀብያለሁ። ጭማሪ ይከልከል፣ ቫውቸሩ ለድሃ ብቻ ይሁን፣ አዲስ ገቢ ላይ ብቻ ይጀምር። በአንደኛ ክፍል ከጀመርክ በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ ስለሚሄድ ትምህርት ቤቱ ክፍል ለማጠፍ ጊዜ ያገኛል፤ 24ቱም ላይ የሚበተነው ቀዳዳ አይፈጠርም። ይሄ ለሒሳብህ መልስ ይመስለኛል።

የበጀት_ሰው፦
ለሁለተኛው ቀዳዳ መልስ ነው። ለመጀመሪያው ግማሽ መልስ ነው፤ ከአንድ ሰፈር አንደኛ ክፍል ቢያንስ 50 ልጅ ካልወጣ አሁንም የሚታጠፍ ክፍል የለም። «ድሃ» ማን እንደሆነ በምን ትለያለህ? የገቢ ማስረጃ ከቀበሌ ከሆነ ወረቀቱ ገበያ ይወጣል። የሴፍቲኔት መዝገብ ይሻላል፣ ቢያንስ ሰፈሩ ፊት ለፊት ተገምግሞ የተሠራ ነው።

ጁገል_በር፦
ከሐረር ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር ቋንቋውን ነው። ድሬ ላይ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይሰጣል፤ እኛ ጋ ደግሞ በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ስለዚህ አንድ ወላጅ አለው የሚባለው ምርጫ በካርታ ላይ እንደሚታየው አይደለም። በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስድስት ትምህርት ቤት ቢኖር ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ምናልባት ሁለት ነው።

ገበያ ትልቁን ደንበኛ ነው የሚከተለው። የግሎቹ በአብዛኛው አማርኛና እንግሊዝኛ ይዘው ነው የሚሠሩት፤ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ የሚያስተምር ለመክፈት ክፍል የሚሞላ ተማሪና የሠለጠነ መምህር ማግኘት ያስፈልጋል። ለሁሉም እኩል የሆነ ቫውቸር እነዚህን ልጆች ወይ ያለ አማራጭ ይተዋቸዋል ወይ ቋንቋ ያስቀይራቸዋል። ቋንቋ መቀየር ደግሞ ነፃ አይደለም። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ በዕጣ የተሰጠ ቫውቸር ተጠንቶ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ በቴሉጉ (የአካባቢው ቋንቋ ነው) እና በሒሳብ ልዩነት አልተገኘም፣ በሂንዲ ግን ወደ ግል የሄዱት በለጡ፣ የግሎቹም ወጪ በተማሪ ከመንግሥት አንድ ሦስተኛ በታች ነበር። ለገሃሬ ይሄን ወጪ ይወደዋል። ግን እዚያው ጥናት ውስጥ በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት የሄዱት በቴሉጉ ከቀጠሉት ያነሰ ውጤት እንዳላቸው የሚጠቁም ነገር አለ። እዚህ «ኢንግሊሽ ሚዲየም» የሚለው ታፔላ ስንት ወላጅ እንደሚስብ ታውቃላችሁ።

መፍትሔው ክብደት ነው። ኔዘርላንድስ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሃይማኖትም ሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት እኩል ገንዘብ ያገኛል፤ ቆይተው ችግር ያለባቸው ቤተሰቦች ልጆች ገንዘባቸው ከፍ እንዲል በክብደት አሰሉት። እዚህም ተማሪ ሲበዛ ሳይሆን ተማሪ ሲያንስ የሚከፈል መነሻ ያስፈልጋል፦ በአንድ ቋንቋ 20 ልጅ ብቻ ካለ ለ50 ልጅ የሚሆን የመምህር ደመወዝ ይታሰብለት።

እናት_ኮሚቴ፦
በወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ዙሪያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ «ነፃ» የሚባለው ነፃ አይደለም። ቫውቸሩ የሚሸፍነው ወርሃዊውን ክፍያ ነው። ያልተቆጠሩት፦ የመመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም (ከተወሰነ ሱቅ ብቻ ግዙ የሚባለው)፣ ተጨማሪ መጽሐፍ፣ የክረምት ትምህርት፣ ባጃጅ። በተለይ ባጃጅ። ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሻገር የ7 ዓመት ልጅ ብቻውን አይላክም፤ ወር ተኮናትሮ የሚከፈለው ለብዙ ቤት ከክፍያው አይተናነስም። ክረምት ላይ ደቻቱ ሲሞላ ደግሞ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የለም ማለት ነው፤ የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ያየ ወላጅ ልጁን ወንዝ አሻግሮ ለመላክ ሁለት ጊዜ ያስባል። ስለ ገጠሩ 38 ቀበሌ ማንም አላነሳም፤ እዚያ የሚቀጥለው ትምህርት ቤት የእግር መንገዱ ረጅም ነው፣ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። የተማሪ ምገባ ያለበትን የመንግሥት ትምህርት ቤት ትቶ ምገባ ወደሌለበት የሚሄድ ልጅም ምሳውን አጣ።

አንድ ልጨምር፦ መልቀቂያ። የክፍያ ውዝፍ ያለበት ልጅ መልቀቂያና ካርድ ከተያዘበት መሄጃ የለውም። ምርጫ የሚል ሕግ «ውዝፍ በፍርድ ቤት ይጠየቃል እንጂ የልጅ ሰነድ አይያዝም» ካላለ ወላጅ የሚመርጠው አንዴ ብቻ ነው።

ማትሪክስ፦
እኔ ቫውቸሩን ትቼ ክፍት ምዝገባው ላይ ልሂድ፤ ገንዘብ የማይጠይቀው እሱ ነው፣ በቀጣዩ ዓመትም ሊሞከር ይችላል። ችግሩ ድልድሉ ነው። ታዋቂ ትምህርት ቤት 100 ወንበር ይዞ 400 ጠያቂ ቢመጣ ማን ይገባል? ደንብ ካልተጻፈ የሚገባው የሚያውቀው ሰው ያለው ነው።

በጣም የተለመደው ስሕተት «መጀመሪያ ለመጀመሪያ ምርጫ» የሚለው አሠራር ነው። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ አንደኛ ምርጫቸው ያደረጉትን ያስገባል፣ ከተረፈ ሁለተኛ ያደረጉትን። ፍትሐዊ ይመስላል። በምሳሌ ላሳይ። ሦስት ትምህርት ቤት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ እያንዳንዱ አንድ ወንበር አለው። ዕጣው ቶሎሳ 1ኛ፣ ሰሚራ 2ኛ፣ ሄኖክ 3ኛ ወጣ።

ቶሎሳ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ
ሰሚራ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ
ሄኖክ፦ ለ፣ ሀ፣ ሐ

በዚያ አሠራር ሀ ቶሎሳን ወሰደ፣ ለ ሄኖክን ወሰደ (አንደኛ ብሎታልና)፣ ሰሚራ ከሄኖክ የተሻለ ዕጣ ይዛ ሐ ላይ ወደቀች። ጥፋቷ የምትወደውን በእውነት መጻፏ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወሬው የደረሰው ወላጅ ፎርሙን «በብልሃት» ይሞላል፣ ወሬው ያልደረሰው ይቀጣል። ቦስተን በዚህ ምክንያት በ2005 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ጥላለች፤ ኒውዮርክ ለሁለተኛ ደረጃ ድልድሏ አዲሱን አሠራር ያስገባችው በ2003 ነው።

የተተካው በጌልና ሻፕሊ 1962 ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ነው፦
1. ሁሉም አንደኛ ምርጫው ጋ ያመለክታል። ትምህርት ቤቱ በቅድሚያ ደንቡና በዕጣው ደርድሮ ወንበሩን ያህል ለጊዜው ይይዛል፣ የቀረውን ይመልሳል። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ናት ሁሉ ነገር።
2. የተመለሰው ወደሚቀጥለው ምርጫው ይሄዳል። ያኛው ትምህርት ቤት አዲሱንና ቀድሞ የያዘውን አንድ ላይ እንደገና ይደረድራል፤ የተሻለው ይያዛል፣ ቀድሞ ተይዞ የነበረም ቢሆን ሊለቀቅ ይችላል።
3. የሚመለስ እስኪጠፋ ይደገማል። ያን ጊዜ ይጸድቃል።

ከላይ ያለውን ብትሠሩት ሰሚራ ለ ትገባለች፣ ሄኖክ ሐ። ማንም በውሸት ደረጃ በመጻፍ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ልብ በሉ፣ ዕጣው ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ከሆነና የወንድም እህት ወይም የቅርበት ቅድሚያ ከሌለ ይህ ሁሉ ዙር አያስፈልግም፤ በዕጣ ቁጥር ቅደም ተከተል እየጠሩ የቀረውን ማስመረጥ ያው ውጤት ይሰጣል። በአዳራሽ በግማሽ ቀን ያልቃል። ዙሩ የሚያስፈልገው ቅድሚያ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲለያይ ነው፣ ያኔ ኤክሴል የሚችል አንድ ሰው ይበቃል።

ሳቢያን_ማዶ፦
ዕጣው ራሱ እንዴት ይውጣ? ወረቀት ጠቅልሎ ከሣጥን ማውጣት በቂ ነው?

ማትሪክስ፦
ለ50 ሰው በቂ ነው፣ ለ400 አይደለም። መጨረሻ የገባው ከላይ ይቀራል፣ ሣጥን ሲነቀነቅ የተቀላቀለ ይመስላል እንጂ አይቀላቀልም። አሜሪካኖች በ1969 እ.ኤ.አ. ለወታደር ምልመላ የልደት ቀን በዕጣ ሲያወጡ የመጨረሻዎቹ ወራት ልጆች አለመጠን ቶሎ ወጡ፣ ዕቃው ውስጥ በወር ቅደም ተከተል ተጨምሮ ስለነበር።

የሚሻለው፦ የአመልካቾች ዝርዝር በምዝገባ ቁጥር ከሦስት ቀን በፊት በር ላይ ይለጠፍ፣ ከዚያ በኋላ ስም አይጨመርም። የሚሠራበት ፕሮግራምም ቀድሞ ይታወቅ። በዕለቱ ወላጆች ፊት ዳይ አሥር ጊዜ ይጣልና የወጡት ቁጥሮች የዕጣው መነሻ ሆነው ይግቡ። ያንን ቁጥር የያዘ ማንኛውም ሰው ቤቱ ሄዶ ዝርዝሩን ደግሞ ማውጣት ይችላል። ሙግት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ክላስተር_ሱፐርቫይዘር፦
ድልድሉ ጥሩ ነው፤ ወላጅ የሚመርጠው በምን መረጃ ነው? አሁን ያለው ወሬና ታፔላ ነው።

መንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝንበት ኢንስፔክሽን 26 ስታንዳርድ አለው፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛል፣ ድምሩ ከ50 በታች ደረጃ 1፣ ከ70 በታች ደረጃ 2፣ ከ90 በታች ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4። ውጤቱ ተቀምጧል፣ ወላጅ ግን አያየውም። ቢያየውም ብዙ አይረዳውም፤ አብዛኛው 1 እና 2 ስለሆነ አያለያይም። ቢለጠፍ የሚጠቅመው የሂደቱ ነጥብ ለብቻው ነው፣ አጥርና ወንበር ወላጁ በዓይኑ ያየዋል።

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ 40 ልጅ ያስፈተነ ትምህርት ቤት 60 በመቶ ቢያሳልፍ፣ በዕድል ብቻ ውጤቱ ወደ 15 ነጥብ ላይ ታች ሊዋዥቅ ይችላል። 400 ያስፈተነው 5 ነጥብ ያህል ነው የሚዋዥቀው። በዚህ ምክንያት ከላይም ከታችም የሚሰለፉት ሁልጊዜ ትንንሾቹ ናቸው። የሦስት ዓመት ድምር ካልሆነ በስተቀር ደረጃ አታውጡ።

ሁለተኛ፣ ያስፈተኑትን አትቁጠሩ፣ የገቡትን ቁጠሩ። 7ኛ ክፍል መጀመሪያ 60 ልጅ ነበር፣ 8ኛ ላይ 38 ተፈተነ፣ 36 አለፈ። ባነሩ ላይ 95 በመቶ ይላል። ከ60 ብታሰሉት 60 በመቶ ነው። 22ቱ የት ሄዱ? ደከም ያሉትን «ለልጁ የሚሻለው ሌላ ቦታ ነው» ብሎ ከፈተና በፊት መሸኘት ርካሹ የውጤት ማሻሻያ ነው። የተሸኙት ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ ውጤታቸውም በእሱ ላይ ይቆጠራል። ምርጫ በተስፋፋ ቁጥር ይሄ ይከፋል። ስለዚህ ቫውቸር ቢመጣ ሕጉ «ከ7ኛ መግቢያ» የሚል ስሌት ይጻፍበት፤ ዓመቱ መሃል የተሸኘ ልጅ የቀሪ ወራቱን ገንዘብ ይዞ ይሂድ።

ለገሃሬ_88፦
ይሄ የእኔን ነገር ያጠናክራል እንጂ። ፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ በመንደር ደረጃ የእያንዳንዱ ልጅና የትምህርት ቤቱ ውጤት ካርድ ለወላጅ ሲታደል የፈተና ውጤት በ0.11 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካበት አሃድ ነው) ከፍ አለ፣ የግል ክፍያ ደግሞ በ17 በመቶ ወረደ። ያለ ቫውቸር፣ ያለ ሕግ። መረጃ ብቻውን ገበያውን አሠራው።

ክላስተር_ሱፐርቫይዘር፦
ልክ ነው፣ ያ የተሳካው አንድ መንደር ውስጥ በእግር የሚደረሱ በርካታ ትምህርት ቤቶች ስለነበሩና ፈተናውን ትምህርት ቤቶቹ ሳይሆኑ ከውጭ የመጣ ቡድን ስላወጣውና ስላረመው ነው። ትምህርት ቤቱ በራሱ ያወጣውን የሴሚስተር ውጤት ብታድሉ ሁሉም ዘጠና ከመቶ ነው።

የበጀት_ሰው፦
ስለ ቻርተሩ ማንም ስላልጻፈ በአጭሩ። ላይቤሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. 93 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለስምንት ኦፕሬተሮች በውል ሰጠች። በአንድ ዓመት ውጤቱ 0.18 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አደገ። ግን ተጨማሪ ገንዘብና ተጨማሪ መምህር ተሰጥቷቸዋል፤ አንዱ ኦፕሬተር የክፍሉን ብዛት ለመገደብ የተረፉትን ልጆች አስወጣ፣ የማይፈልጋቸውን መምህራን ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ገፋ። ኒው ኦርሊንስ ከ2005ቱ አውሎ ነፋስ በኋላ ሁሉንም ማለት ይቻላል ቻርተር አደረገች፤ ውጤቱ በእርግጥ ከፍ ብሏል፣ የአስተዳደር ወጪው ግን በ66 በመቶ አደገ፣ ለማስተማር የሚወጣው በ10 በመቶ ወረደ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሹምና ትራንስፖርት ስለቀጠረ። ውል የሚጽፍ፣ የሚቆጣጠር፣ ሲጠፋ የሚሰርዝ ጠንካራ ጽሕፈት ቤት በሌለበት ቻርተር አትጀምሩ። ውል መስጠት ቀላል ነው፣ 600 ልጅ ያለበትን ውል ጥር ላይ መሰረዝ ነው ከባዱ። ስዊድን ውስጥ በ2013 አንድ ትልቅ ኩባንያ ሲከስር ወደ 10,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጥተዋል።

እናት_ኮሚቴ፦
ወደ ክፍት ምዝገባው እንመለስና ማትሪክስ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ወንድምና እህት ይለያያሉ? ዘግይቶ የሚመጣስ? እዚህ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ከገጠርም ከሌላ ክልልም የሚመጣ ብዙ ነው፣ ዕጣ ያመለጠው ምን ይሁን?

ማትሪክስ፦
እርስዎ ያነሱት ሁለቱም ደንቡ ላይ በቁጥር መጻፍ አለባቸው።

ወንድም እህት ቀድሞ እዚያው የሚማር ከሆነ ቅድሚያ ይሰጥ፣ ግን ከወንበሩ እስከ 30 በመቶ ድረስ ብቻ። ገደብ ካልተደረገበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ታዋቂው ትምህርት ቤት የነባር ቤተሰቦች ርስት ይሆናል። መንትዮች በአንድ ዕጣ ቁጥር ይግቡ።

ቅርበት በቀበሌ ወሰን ሳይሆን በእግር መንገድ ይለካ፤ ወንዝ የሚያሻግር ከሆነ ድልድዩ ድረስ ያለው ዙሪያ ይቆጠር።

ለዘገየው፦ በአንደኛ ደረጃ በክፍል 50 ወንበር ከሆነ ዕጣ የሚወጣው በ46ቱ ነው። አራቱ እስከ መስከረም 20 ይያዛሉ፣ ለተፈናቀለና ከሌላ ክልል መልቀቂያ ይዞ ለመጣ ብቻ። ዕጣ የደረሰው ልጅ በመስከረም 10 ካልተገኘ ወንበሩ ለተጠባባቂ ያልፋል፤ ተጠባባቂውም በዚያው ዕጣ ቁጥር ይጠራል፣ አዲስ ዕጣ አይወጣም። ከመስከረም 20 በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር ካለ በተጠባባቂ ይሞላ። ያመለጠው አዲስ ገቢ ደግሞ በሚማርበት ቋንቋ ወንበር ባለው ቅርብ ትምህርት ቤት ይግባና በሚቀጥለው ዓመት ከሌላው ጋር እኩል ያመልክት። ዝርዝሩ በየሳምንቱ ዓርብ በር ላይ በቁጥር ብቻ ይለጠፍ፣ ያለ ስም።

እናት_ኮሚቴ፦
46ቱን ወድጄዋለሁ። የ30 በመቶው ላይ ግን ኮሚቴው ውስጥ ጠብ ይነሳል፣ አራት ልጅ ያለው ቤት አይቀበለውም።

ማትሪክስ፦
ይነሳ። 40 ቢሉም ይሠራል፣ ቁጥሩ ከምዝገባ በፊት ይለጠፍ እንጂ።